የጠመንጃችን እኩሌታ በጅቡቲ

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ መንገደኛ የሚይዘው ዕቃ የታወቀ ነው። አንዱ ለዘመዱ በርበሬና ሽሮ ያስቋጥራል፤ ሌላው ለንግድ አትክልትና ፍራፍሬ ይጭናል፤ ጫቱማ የራሱ መንገድና የራሱ ሰዓት አለው። እኛ ግን ባለፈው ጥር ወር ወደዚያ ስንወርድ፥ እናታችን ካስያዙን የበርበሬ ቋጠሮ በቀር፥ የያዝነው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነበረች። በወረቀቷም ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ነበረባት፤ ይኸውም በቤታችን ግድግዳ ላይ ከሰባ ዓመት በላይ ተሰቅሎ በኖረው የዊንቸስተር ጠመንጃ ሆድ ላይ የተቀረጸው የፋብሪካ ቁጥር ነው።

የጉዞአችን ምክንያት እንዲህ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዝ ስለ ደነገገ፥ ይህም አሮጌ ጠመንጃ በአንድ ሰው ስም ፈቃድ ሊወጣለት የሚገባ ሆነ። በአንድ ሰው ስም መባሉ ለሌላው ቤት ቀላል ነገር ነው፤ ለእኛ ቤት ግን ጭንቅ አመጣ። ጠመንጃውን በ1941 ዓ.ም. የገዙት አያታችንና የአያታችን ታናሽ ወንድም ናቸውና። ሁለቱም የምድር ባቡር ሠራተኞች ነበሩ፤ አያታችን በድሬዳዋው የጥገና ክፍል፥ ታናሽየው በጅቡቲው ጣቢያ። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር ሰው ላይ ሲገዙት ዋጋውን እኩል በእኩል አዋጡ፤ ጠመንጃው አደን ባለበት በድሬዳዋ እንዲቀመጥ፥ የቆዳ ዝናሩ ግን ከታናሽየው ዘንድ እንዲሆን ተስማሙ። በዚህ ዓይነት አንዱ ያለ ሌላው አደን እንዳይወጣ ሆነ። የጻፉት ውል አልነበረም። ሁለቱም ከሞቱ በኋላ የጅቡቲው እኩሌታ ባለቤት የታናሽየው የበኵር ልጅ፥ እኛም ከሕፃንነታችን ጀምረን «ጋሼ» የምንላቸው የአባታችን የአጎት ልጅ ሆኑ። እርሳቸው ሳይፈቅዱ በስማችን ማስመዝገብ ለሕሊናችን አልተመቸንም።

ስለ ጠመንጃው ጥቂት ብንናገር አንባቢያችን አይሰለቸንም ብለን እንገምታለን። እኛ አገር በብዛት የገባው የጦር ጠመንጃ በቀኝ እጅ የሚሳብ መቀርቀሪያ ያለው ነው። ዊንቸስተር ግን ከምላጩ በታች እንደ ቀለበት የተሠራ የብረት ማንሻ አለው፤ አዳኙ ጣቶቹን በቀለበቱ ውስጥ አስገብቶ ወደ ታች ሲገፋው የተተኰሰው ቀለህ በላይ በኩል ይወጣል፤ ወደ ላይ ሲመልሰውም አዲሱ ጥይት ይጐርሳል። ሰደፉ ከትከሻ፥ ዓይንም ከዒላማው ሳይነሣ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ መተኰስ ይቻላል። ይህን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1894 የፈለሰፈው ጆን ብራውኒንግ የተባለው አሜሪካዊ ሲሆን፥ የተሠራውም በኒው ሄቨን ከተማ ነው። ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ ፋብሪካውም እ.ኤ.አ. በ2006 ተዘግቷል።

ጥይቱ በአፈሙዙ በርሜል ሥር በተዘረጋ ቱቦ ውስጥ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፎ ስለሚተኛ፥ አረሩ ጫፉ ደልዳላ መሆን ነበረበት፤ ሹል ቢሆን የኋለኛው የፊተኛውን መቀስቀሻ ወግቶ በቱቦው ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላልና። ወታደርም በደረቱ ተኝቶ ሲተኵስ ማንሻው ከመሬት ጋር ይጋጫል። በእነዚህ ምክንያቶች ብዙዎቹ የዓለም ጦር ሠራዊቶች አልፈለጉትም። እርግጥ የሩሲያ መንግሥት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የ1895ቱን ሞዴል ወደ 300,000 ያህል ገዝቷል፤ ነገር ግን ያኛው ጥይቱን በቱቦ ሳይሆን ከሆዱ በታች በሣጥን የሚይዝ ነው። የእኛው ዓይነት የአዳኝ ዕቃ ሆኖ ቀረ።

አሮጌ ጠመንጃ የሚሰበስቡ ሰዎች በውጭ አገር ብዙ ናቸው። እነርሱ እ.ኤ.አ. ከ1964 በፊት የተሠራውን ዊንቸስተር ከዚያ በኋላ ከተሠራው አብልጠው ይወዳሉ፤ በዚያ ዓመት ፋብሪካው ወጪ ለመቀነስ ሲል የአሠራሩን ዘዴ ለውጧልና። ከሁሉ በላይ የሚጠሉት ደግሞ መወልወልን ነው። የብረቱ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ከፋብሪካ እንደ ወጣ ካልሆነ፥ ቢያበራም ቢያብለጨልጭም ዋጋው ይወድቃል። ይህን ባነበብን ጊዜ ሳቅንም ደነገጥንም። እናታችን ወደዚህ ቤት ሙሽራ ሆነው ከገቡበት ዓመት ጀምረው፥ በየመስቀሉ ዋዜማ ያንን ብረት በአመድና በሎሚ ሲፈትጉት ኖረዋል። እንደ ብር ነጭ ሆኗል። እንግዳ ሁሉ ንጽሕናውን ያደንቃል፤ ስብስብ ያለው ፈረንጅ ቢያየው ግን ሳያለቅስ አይቀርም።

የዛሬው ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሲሆን፥ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ጣቢያዎቹ ከከተማ ውጭ ናቸው፤ የድሬዳዋውም እንዲሁ፥ ናጋድ የሚባለው የጅቡቲውም እንዲሁ። ከደወሌ ድንበር በኋላ በአሊ ሳቢህ በኩል ያለው አገር ድንጋይና እሾህ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። አልፎ አልፎ ፍየልና እረኛ ይታያል። መንገዱ ላይ ሌላ የምንጽፈው የለንም፤ የመስኮቱ ማቀዝቀዣ ደኅና ይሠራ ነበር።

ከተማዋ ግን ሌላ ናት። ጥር ወር ስለ ነበረ ሙቀቱ ለሰው የሚገባ ነበር፤ በበጋቸው ወራት፥ ማለት በእኛ ክረምት፥ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን እኩለ ቀን ላይ መንገዱ ጭር ይላል። በመካከል ከተማ ያለው አደባባይ ከነጻነታቸው ቀን ወዲህ የሰኔ 27 አደባባይ ይባላል፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም «ፕላስ ምኒልክ» ሲል ይጠራዋል። ቅስት ቅስት ሆነው የተሠሩ ነጫጭ ሕንፃዎች ዙሪያውን ከብበውታል፤ በቅስቶቹም ጥላ ሥር ገንዘብ መንዛሪዎችና ቡና ጠጪዎች ተቀምጠዋል። በዚያ ጥላ ሥር ቡናችንን ይዘን ስንቀመጥ የምኒልክ ስም በባዕድ ከተማ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ መንገደኛ ቢኖር፥ መልሱ ከፊት ለፊቱ ያለው ባሕር ነው።

ጅቡቲ ከመቆርቆሯ በፊት ፈረንሳዮች የሠፈሩት ከባሕረ ሰላጤው ማዶ በኦቦክ ነበር፤ የጦር መሣሪያ ቅፍለትም ይነሣ የነበረው ከታጁራ ነው። ባለቅኔው አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1886 ከዚያ ተነሥቶ፥ 2,000 ያህል ጠመንጃ በግመል አስጭኖ፥ በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ። የያዘው በአውሮፓ ጊዜው ያለፈበት፥ በቀለህ ሳይሆን በቃፕሱል የሚተኰስ አሮጌ ጠመንጃ ነበር። ብዙ አተርፋለሁ ብሎ የተነሣው ሰው በሟች ሸሪኩ ዕዳና በክርክር ተጠምዶ ከስሮ ተመለሰ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ አውሮፓውያን የጣሉትን ከአዲሱ ለይተው የሚያውቁ ገዥ ነበሩና፥ ነጋዴው ያሰበውን ዋጋ አላገኘም። በጅቡቲ በራምቦ ስም ይጠራ የነበረው አደባባይ ዛሬ የማሕሙድ ሐርቢ አደባባይ ተብሏል። በነገሩ ቅር አላለንም።

የከተማዋ መሥራች ላጋርድ የተባለው የፈረንሳይ አገረ ገዥ ሲሆን፥ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1888 ነው። በእኛ አቆጣጠር 1888 ዓ.ም. ሲባል የአድዋ ዓመት መሆኑን አንባቢያችን ያስታውሳል። በሁለቱ 1888ዎች መካከል ስምንት ዓመት ያህል አለ፤ በነዚያም ዓመታት ከዚህ ጠረፍ ወደ ሐረር፥ ከሐረርም በራስ መኰንን በኩል ወደ መካከል አገር የገባው ጠመንጃ በአድዋ ተራሮች ላይ ተሰምቷል። የአውሮፓ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1890 ብራስልስ ላይ ተሰብስበው ለአብዛኛው አፍሪካ መሣሪያ እንዳይሸጥ ሲስማሙ፥ ይህች በር ግን ለእኛ ሳትዘጋ ቆየች። ባቡሩ ያን ጊዜ ገና አልነበረም። የሐዲዱ ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897፥ ማለት ከአድዋ በኋላ ነው፤ ድሬዳዋ በ1902፥ አዲስ አበባ በ1917 ደርሷል። ስለዚህ የአድዋን ጠመንጃ የተሸከመው ግመል ነው።

የገባው መሣሪያ ስሙንም ይዞ ገብቷል። ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» የሚሉት ጠመንጃ በእኛ አፍ ውጅግራ ሆነ፤ ስናይደር ሰናድር ተባለ፤ አልቢኒ አልቢን፥ ለቤል ለበን፥ የቤልጅግ አገሩ ቤልጅግ፥ ማንሊኸር ደግሞ ምንሽር። ባላገሩ በፉከራውና በቀረርቶው ስማቸውን ሲጠራ ከአገሩ ወንዝ ስም ለይቶ አያያቸውም። በዚህ ሁሉ መካከል ዊንቸስተር የአማርኛ ስም አላገኘም። ለሠራዊት በሣጥን የመጣ ሳይሆን በአንድ ሰው ሻንጣ የገባ ስለ ነበረ፥ ባላገር አላጠመቀውም። በእኛ ቤት «የአሜሪካኑ» ይባል ነበር።

በሩ ደግሞ ሊዘጋ የሚችል በር ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ በዚህ ባቡር መሣሪያ እንዳይጫን ስለ ከለከለች፥ አገራችን የገዛችው ሁሉ ሊገባላት አልቻለም። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ሐዲድ ወርደው፥ ከዚሁ ወደብ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ስደት ሄዱ። አያታችን በዚያ ሌሊት በድሬዳዋ ጣቢያ ነበሩ፤ ስለዚያ ሌሊት ግን ለልጅ ተናግረው አያውቁም።

አሮጌውን የጅቡቲ ለገሀር ለማየት ሄድን። «ለገሀር» የምንለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛ በዚህ መንገድ የመጣ ነው፤ ፉርጎም እንዲሁ። የቀድሞው ባቡር ጉዞውን ካቆመ ወዲህ ጣቢያው ጸጥ ብሏል። የአያታችን ወንድም ዕድሜያቸውን የፈጁበት ቦታ መሆኑን ለማሰብ ጥቂት ቆመን፥ ፀሐዩ ሲበረታብን ወደ ጋሼ ቤት አመራን።

ቤታቸው ቁጥር እንጂ ስም ካልተሰጣቸው አሮጌ ሠፈሮች በአንዱ ነው። ጋሼ ዕድሜአቸው ከሰማንያ አልፏል። ሽርጣቸውን ታጥቀው በራፉ ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸውን ሳምን፤ በርበሬውን አቀረብን። ሚስታቸው በየመን አሠራር የተጠበሰ ዓሣ ከትልቅ ቂጣ ጋር አቀረቡልን። በመቀመጫቸው በላይ በግድግዳው ላይ ያ ዝናር ተሰቅሏል። ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በኪሶቹ ውስጥ ሦስት ባዶ ቀለሆች ብቻ አሉ።

ምግቡ ከተነሣ በኋላ ነገራችንን ገለጽን። ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀትም አሳየናቸው። ወረቀቷን ለረጅም ጊዜ ይዘው ቆዩ፤ ከዚያም ቀስ ብለው፥

«ልጄ፥ እዚህ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የመጣኸው መቼ ነው?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። ከዘመናት በፊት ነበረ።

«ወረቀት ሲያስፈልጋችሁ መጣችሁ። በደርግም ጊዜ በቀበሌ ሲመዘገብ በማን ስም እንደ ተመዘገበ አልጠየቃችሁንም። እርሱስ ይሁን። እኔን የቆረጠኝ ሌላ ነው። ለአባቴ ለቅሶ ጠመንጃው አልወጣም።»

ይህን አነጋገር የከተማ ልጅ ላይረዳው ይችላል። በባላገሩ ልማድ ወንድ ሲሞት ጠመንጃው ለለቅሶው ይወጣል፤ ሕዝቡም መሣሪያውን እያየ ያለቅሳል። የጋሼ አባት ያረፉት በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ነው። ጅቡቲ ነጻ ከወጣች ገና አራት ወር መሆኑ ነበር። የሱማሌ ጦርነት በዚያ ጊዜ ተፋፍሞ፥ የሐዲዱ ድልድዮች ፈርሰው፥ ባቡሩ ተቋርጦ ስለ ነበረ መርዶው ለአያታችን የደረሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ጠመንጃው ሊመጣ ቀርቶ ወንድሙም ሊመጣ አልቻለም። ጋሼም ምክንያቱን ያውቃሉ። ማወቅና መርሳት ግን የተለያዩ ናቸው።

በዚያን ጊዜ እኛ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርን። ጋሼ እንዲህ ባሉ ጊዜ፥ ስንት ዓመት ሙሉ ያላሰብነው ነገር ድንገት በዓይናችን መጣ። መርዶው የደረሰ ዕለት አያታችን ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርደው፥ በግቢያችን በተተከለው ዳስ መካከል በወንበር ላይ አስደግፈው፥ ነጭ ኩታ አልብሰውት ነበር። ሰዎች ዝናሩ የት አለ ብለው ሲጠይቁ፥ «ከባለቤቱ ጋር ነው» ሲሉ መልሰዋል። ልጅ ስለ ነበርን ኩታውን ለመንካት ስንጠጋ አንድ ሰው ጆሮአችንን መቆንጠጡንም እናስታውሳለን። ይህን ሁሉ ለጋሼ ነገርናቸው።

ጋሼ ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው፥ «ወጥቶ ነበር?» አሉ።

«ወጥቶ ነበር፥ ጋሼ።»

«በወንበር ላይ?»

«በወንበር ላይ። ኩታ ለብሶ።»

ሚስታቸውን ጠርተው ነገሩን ደግመን እንድንነግራቸው አዘዙን። ደግመን ነገርናቸው። ማታም ልጆቻቸው ከሥራ ሲመለሱ ሦስተኛ ጊዜ ተረክን፤ ሦስተኛውን ግን ጋሼ ራሳቸው እየቀደሙ ይጨርሱልን ነበር።

በማግሥቱ ሁለት ምስክሮች በተገኙበት፥ ጠመንጃው በእኛ ስም እንዲመዘገብ መፍቀዳቸውን በወረቀት ጽፈው ፈረሙልን። ከልጆቻቸው አንዱ፥ እንዲህ ያለ ዕቃ በውጭ አገር ዋጋ ያወጣል ሲባል ሰምቶ ኖሮ፥ ተሽጦ ለሁለት ቢካፈል ምን ይመስላችኋል አለ። ድንበር ለማሻገር ሕጉ እንደማይፈቅድ፥ ብረቱም በአመድ ስለ ተፈተገ ሰብሳቢ እንደማይወደው ገለጽንለት። ሁለተኛውን ምክንያት ስናስረዳ ጋሼ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ዝናሩን ለመጠየቅ ግን አልደፈርንም፤ እርሳቸውም አልሰጡንም። እንደ ቀድሞው በስፍራው ተሰቅሏል።

ስንሰናበታቸው ከሣጥናቸው ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ አውጥተው ሰጡን። በዚያው በጅቡቲ ከተማ በአንድ ፎቶ ቤት የተነሣ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ሱፍ ለብሰው፥ ጠመንጃውን በመካከላቸው አቁመው፥ አንዱ በርሜሉን በቀኝ እጁ ሌላው በግራ እጁ ይዘውታል። ዝናሩን የታጠቁት ታናሽየው ናቸው። አያታችንን ያለ ሽበት ስናያቸው ይህ የመጀመሪያችን ነው።

ድሬዳዋ እንደ ደረስን ፎቶግራፉን ለእናታችን አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው፥ ወደ መስኮቱ ተጠግተው ብዙ ተመለከቱት። በፎቶግራፉ ላይ ብረቱ እንደ ከሰል ጥቁር ነበር።

«አባትየው ናቸው፤ ይህስ እርሳቸው ናቸው» አሉ። «ጠመንጃው ግን የኛ አይደለም። የኛ ነጭ ነው።»